ባሕር ገብተሻል ወይ ስትለኝ «አልገባሁም» አልኳት

«ተረጋግተሽ ጻፊው» ብላኛለች እናቴ። ተረጋግቼ ብጽፈው ማን ይሰማኛል? ሰባት ወር ሙሉ ተረጋግቼ ነበር። ሐኪም ቤት ስገባ ፈገግ፣ ስወጣ አመሰግናለሁ። ጨዋነቴ ያተረፈልኝ ቀኝ እጄ ላይ ያለውን ይህን ጠባሳ ነው። ስለዚህ ተናድጄ ነው የምጽፈው። በሐኪሞቹ ተናድጃለሁ፣ በእናቴም ተናድጃለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሴ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ እንደ እኔ ዝም ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ አፉን ይክፈት።

ቤዛ እባላለሁ። ካሮልተን ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፤ ፕሌኖ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት የሰው ጥርስ አጸዳለሁ። ሥራዬ የቀኝ እጅ ሥራ ነው፤ ያች ቀጭን መሣሪያ በጣቶቼ መሐል ካልቆመች እንጀራ የለኝም። አሜሪካ የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ በካሊፎርኒያ በኩል ሲሆን እዚያ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሰርፊንግ አስተማሩኝ። ለማያውቀው፣ ሰርፊንግ ማለት ቦርድ የሚሉት ረጅም ሳንቃ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል እየጋለቡ ወደ ዳር መምጣት ነው። «ሐበሻና ባሕር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ ቆዩኝ፤ ሐኪሞቹም ሳይሉት ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

እናቴ ውሃ አትወድም። ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን ዓይኗ እያየ የወንዝ ሙላት ወሰደባት። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ፀጉሬ ርሶ፣ አንገቴ ላይ አሸዋ እንዳለ ያዘችኝ። አልመታችኝም። ፊት ለፊቷ አቆመችኝና «ሁለተኛ ባሕር አልገባም፣ ሙቺ በይኝ» አለችኝ። በወላጅ ሞት መማል እኛ ቤት ቀልድ አይደለም፤ ያፈረሰው ሰው ጦሱ ለወላጁ ይተርፋል ይባላል። «ሙቺ» አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ገባሁ። እሷም አልሞተችም፣ እኔም መዋሸቱን ለመድኩት።

ከዚያ አክስቴ ያለችበት ዳላስ መጣን። ዳላስ ባሕር የለውም፤ እናቴ ከተማውን የወደደችው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን አምስት ሰዓት ከምናምን ነድቼ የምደርስበት አንድ የቴክሳስ ባሕር ዳርቻ አገኘሁ። ቦታው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እንደ ኩሬ የተኛ ነው። ሩቅ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ ሲነሳና ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲዞር ብቻ፣ በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ለጀማሪ አይሆንም። ማዕበሉ የሚሰበረው ወደ ባሕሩ በተዘረጋ የድንጋይ ግድብ ጥግ ነው፤ የሚጎትት ውሃ አለው፣ ከተሳሳትክ ድንጋዩ ላይ ነው የሚያሳርፍህ። የምንሄድበት ጥቂት ሰዎች ስም አውጥተንለታል፤ «እንቅልፋሙ» እንለዋለን።

ሲነቃ የሚደውልልኝ ረይ ነው። ረይ ስልሳ ያለፈው፣ ጡረታ የወጣ የቴክሳስ ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ አያውቅም፣ «ነቅቷል» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ለእናቴ «ሂውስተን ያለችው ጓደኛዬ ወልዳለች፣ ልጠይቃት ነው» እላለሁ። ያች ጓደኛዬ በእኔ አፍ ስንት ልጅ እንደወለደች እግዚአብሔር ይወቅ። ቦርዴን ኧርቪንግ አንድ የኪራይ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ደብቄ ነበር።

በፈረንጆቹ 2007 ነሐሴ ውስጥ ረይ ደወለ። ያን ቀን ማዕበሉ ከቁመቴ በላይ ነበር፣ ፊቱ የተወለወለ፣ ከግድቡ ጫፍ ጀምሮ እየተጠቀለለ የሚመጣ። ሦስቱን ጋለብኩ። አራተኛው ላይ ዘገየሁ፤ ገልብጦ ጣለኝና ጎትቶ ድንጋዩ ላይ ለጠፈኝ። ለመያዝ እጄን ስሰድ ድንጋዩን የሸፈነው ስለታም የባሕር ቅርፊት የቀኝ ሌባ ጣቴን አንጓ ላይ ቆረጠኝ። ትንሽ ነው፤ የሽንኩርት ቢላ የነካው ያህል።

ዳር ስወጣ ረይ እጄን ይዞ አየና «በንጹህ ውሃ እጠቢው» አለኝ። «ካበጠ ሐኪም ጋ ሂጂ። ከሄድሽ ደግሞ የት እንደነበርሽ ንገሪያቸው። የዚህ ውሃ ቁስል እንደ ሌላ ቁስል አይደለም፣ ካልነገርሻቸው አያገኙትም።»

እሺ አልኩት። ይህን እሺታዬን አስታውሱልኝ።

ቁስሉ ዳነ። በሦስተኛው ሳምንት ቦታው ላይ ሐምራዊ መሰል እብጠት ወጣ፤ ብዙም አያምም። ያለ ቀጠሮ ወደሚያዩበት አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ፤ ሐኪሙ ከበሩ ሳይርቅ አየኝና «ሸረሪት ነክሶሻል፣ እዚህ አገር የተለመደ ነው» ብሎ የአሥር ቀን ክኒን ጻፈልኝ። እናቴ ደግሞ «ምች ነው፣ ምን ሸረሪት ይለኛል» አለችና ከየት እንዳመጣችው የማላውቀውን ዳማከሴ አሽታ ቀባችኝ። እውነት ለመናገር ከሁለቱ ምርመራ የእሷ ይሻል ነበር። ቢያንስ እጄን ይዛ ነው ያየችው።

ጥቅምት ላይ እብጠቱ ከጣቴ ተነስቶ በእጄ ጀርባ አልፎ ወደ ክንዴ ወጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰልፎ። የጥርስ ሐኪሙ አለቃዬ «በዚህ እጅ ሰው አፍ ውስጥ አትገቢም» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ትክክል ነው። ግን «እስክትድኚ ቦታሽ ይጠብቅሻል» አላለኝም፤ «እናያለን» ነው ያለኝ።

ቀጥሎ ያየኝ ፕሌኖ ያለ የቆዳ ሐኪም ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ምንጣፍ፣ የዓሣ ገንዳ፣ ሁሉ ነገር አለው። ሐኪሙ እጄን አየና «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ካሮልተን።»

«ማለቴ፣ ከመጀመሪያው።»

«ኢትዮጵያ። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል ከመጣሁ።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። እስክሪብቶው መሮጥ ጀመረ። ክንዴ ላይ የቲቢ መመርመሪያ መርፌ ወጋኝና አበጠ። በልጅነቴ ክትባቱን ስለወሰድኩ ሊያብጥ እንደሚችል ብነግረውም «ከመጣሽበት አገር አንጻር» አለኝ። ከመጣሁበት አገር አንጻር! ቅዳሜ ምን እንደሠራሁ፣ እጄ በምን እንደተቆረጠ፣ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ከኋላው የዓሣ ገንዳ አስቀምጦ ውሃ የሚባል ነገር በአእምሮው አላለፈም። ኢትዮጵያ ሲባል የታየው ሳል ነው እንጂ ቦርድ ላይ የቆመች ሴት አይደለችም።

ወደ መንግሥት ክሊኒክ ላኩኝ። አፌን ሸፍኜ ከሰው ሁሉ ጋር ተደርድሬ ተቀመጥኩ፤ ከመሐላችን አንድም እዚህ አገር የተወለደ አልነበረም። የሳንባ ፎቶዬ ንጹሕ ሆነ። «ቢሆንም» ብለው ለወራት የሚወሰድ አንድ ዓይነት ክኒን ሰጡኝ። ከዚያ ክፍል በበጎ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠ የእስያ ሽማግሌ መንደሪን ሰጠኝ። በአንድ እጄ ልልጠው ስታገል አየና መልሶ ወሰደው፣ ልጦ ፍሬ በፍሬ ለይቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አፌን ከሸፈነው ጨርቅ በታች እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ፣ ጉንጬን አራት ጊዜ ካልሳሙ የማይለቁኝ ሴትዮ፣ ከደረጃው ላይ ሆነው እጃቸውን ማውለብለብ ጀመሩ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «አለርጂ ነው» አለች።

«ለምን ትዋሺያለሽ?» አልኳት።

«ገመናሽን ለአገር ላሰጣው? ስታገቢ ምን ሊሉ ነው?»

«እማዬ፣ ቲቢ ቢሆንስ ምን አለበት? ይታከማል።»

«አንቺ ዝም በይ። የኔ አፍ ይበቃል።»

ይህን ያለችው እናቴ ናት። ዝም በይ። እኔም ታዛዥ ልጅ ነኝ።

በጥር ዳላስ ውስጥ አንድ የእጅ ሐኪም ጋ ደረስኩ። እናቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አብራኝ ገባች፤ የታመመ ሰው ብቻውን ሐኪም ፊት አይቀርብም ትላለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎኔ ተቀመጠች። መጀመሪያ የገባችው ነርስ ናት፤ ሸምገል ያለች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች። ከየት ነሽ አላለችኝም። ክንዴን በጣቷ ተከትላ ከታች ወደ ላይ ዳሰሰችና ወረቀቷን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«ቤትሽ ዓሣ ታረቢያለሽ?»

«አይ።»

«ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ስታጸጂ ተወግተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይ።»

«ባሕር ገብተሻል? እጅሽ ውሃ ውስጥ ተቆርጦ ነበር?»

በአምስት ወር ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው። የረይ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ከጎኔ ደግሞ እናቴ፣ እናቴ ላይ የማልኩት «ሙቺ»፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈጠርኳቸው የሂውስተን ሕፃናት ሁሉ ተደርድረው ተቀመጡ። ነርሷን ቀና ብዬ አየኋት።

«አልገባሁም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጻፈችው። እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች።

ያች አንድ ቃል ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፣ እኔም የገባኝ በኋላ ነው። ሐኪሙ ከእጄ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። ውስጤ የነበረው ጀርም የቲቢ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ግን የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ይወዳል። በሰው ገላ ሙቀት ካስቀመጡት ዝም ይላል። ላቦራቶሪው «ባሕር» የሚል ቃል ከሰማ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አድርጎ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ወረቀቴ ላይ «ባሕር የለም» ተብሏልና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጡት። ምንም አልበቀለም።

«ጀርም የለም፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው» አለ ሐኪሙ፣ ነገሩን እንደጨረሰ ሰው። ብግነት የሚያበርድ መርፌ አንጓዬ ላይ ወጋኝ። ያ መርፌ ብግነቱን ሲያበርድ የሰውነትን መከላከያም አብሮ እንደሚያበርድ አልነገረኝም። ለጀርሙ በር ከፍቶ «ግባ» እንደማለት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣቴ አብጦ መታጠፍ አቆመ፤ ከአንጓዬ መግል ወጣ። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ የሸሚዝ ቁልፌን እናቴ ትቆልፍልኝ ጀመር። እየቆለፈች ታጉረመርማለች፣ እኔም አጉረመርማለሁ፤ አንድ ጥዋት «ተይኝ!» ብዬ ስጮኽባት ቁልፉ ተበጥሶ ወደቀ። ሁለታችንም ለማንሳት አልጎነበስንም። ጥርስ የማላጸዳ ከሆነ ምን ሠርቼ ልኑር? በዚህ ፍርሃት ቁርስ መብላት ተውኩ።

በመጋቢት ሐኪሙ የእጄን የውስጥ ፎቶ ሰሌዳው ላይ ለጥፎ «ወደ ጅማቱ ገብቷል» አለኝ። «ከፍቼ አጸዳዋለሁ። መንስኤውን ስለማናውቅ ግን ካልቆመልን ጣቱን ማንሳት ሊኖርብን ይችላል።» የፈቃድ ወረቀቱን አቀረበልኝ። በግራ እጄ ለመፈረም እስክሪብቶውን ያዝኩ።

እናቴ ተነሳች። ሐኪም ፊት በእንግሊዝኛ ተናግራ አታውቅም፤ እኔ ነኝ ሁልጊዜ የማስተረጉምላት።

«ዶክተር» አለች። ቦርሳዋን ሁለት እጇ ላይ እንደያዘች ነው። «ሺ ጎ ኦሽን። ኤቭሪ ታይም ስቶርም ካም፣ ሺ ጎ። ሺ ካት ሃንድ ኦሽን።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ድምፁ ከፍ ብሏል፤ መናደድ የእሱ ተራ ሆነና!

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?» አልኩት እኔም ጮክ ብዬ። «ነርስህ ናት የጠየቀችኝ። አንተ ወረቀት ነው ያየኸው።»

ስልኩን አነሳና ላቦራቶሪ ደውሎ ስለ ባሕሩ ነገራቸው፤ ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሁለት ደቂቃ!

የራሴንም ክፉ አልደብቅም። ከዚያ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ እናቴን አፈጠጥኩባት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከካሊፎርኒያ ጀምሮ።»

«ምን?»

«መኪናሽን የሚጠርገው ማን መሰለሽ? አሸዋ እኮ ከሂውስተን አራስ ቤት አይመጣም። ፎጣሽን የማጥበው እኔ ነኝ። ጨው ጨው ይላል።»

«ያች ነርስ ስትጠይቀኝ ገብቶሽ ነበር?»

«ኦሽን የሚለውን ቃል አጣዋለሁ? ያሳደገኝ ፍርሃት ነው።»

«እና ዝም አልሽ!»

«በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላድርጋት?» አለች። «ደግሞ በእኔ ነው የማልሽው። አፍርሰሽዋል ብዬ ከአፌ ካወጣሁት፣ ነገሩ ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ። የማላውቅ ከመሰልኩ መሐላው እንደተኛ ይቀራል ብዬ ነው። ሞኝ ነኝ። አውቃለሁ።»

«ጣቴን ሊቆርጡት ነበር እኮ እማዬ!»

«ሶ... ለዚህ ነዋ የተነሳሁት» አለች። ሌላ ጊዜ እንደ ፈረንጆቹ «ሶ» ስትል እስቃለሁ፤ ያን ቀን አልሳቅኩም። «የሚመጣ ከሆነ ይምጣብኝ ብዬ ነዋ!»

ምን ትላላችሁ ለዚህ? አቅፌ ላልቅስባት ወይስ መኪናውን አስነስቼ ትቻት ልሂድ? አላቀፍኳትም። ቤት አደረስኳትና ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። ስህተት ነው ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሐኪሙ እጄን ከፍቶ አጸዳ፣ አዲስ ሥጋ ወሰደ። ይህኛውን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀመጡት፣ ከሳምንታት በኋላ በቀለ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ወር ዋጥኩ፤ አንደኛው ሽንቴን ብርቱካን የሚያስመስል፣ ሌላው አፌን እንደ ብረት የሚያደርግ። ፍሬ የመሰሉት እብጠቶች ከክንዴ ወደ ታች አንድ በአንድ ከሰሙ። ጣቴ ተረፈ። ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ የመሣሪያዬን አያያዝ እንደ አዲስ ተማርኩ። አለቃዬ «እናያለን» ብሎ ሌላ ሰው ቀጥሮ ስለነበር አሁን የምሠራው ሌላ ቦታ ነው። እትዬ አልማዝ መሳም ጀምረዋል፤ እኔ ነኝ ጉንጬን የማዞረው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አጃቢያችሁን፣ እናታችሁም ብትሆን፣ ለአምስት ደቂቃ ውጭ አስቀምጡ። የምታፍሩበትን ነገር ሁሉ ንገሩ። አዋቂ ለመምሰል አትሞክሩ፣ ጨዋ ለመምሰልም አትሞክሩ። ሐኪሞቹ ይህን ጽሑፍ አያነቡትም እንጂ ቢያነቡት የምላቸው አለኝ፦ የተወለድኩበትን አገር ተዉልኝና ቅዳሜ የት እንደነበርኩ ጠይቁኝ። በሽታን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ተረቱን በቃሌ ይዤ በሽታዬን ደበቅኩ።

ባለፈው መስከረም ረይ ደወለ። «ነቅቷል።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ምስር ትለቅማለች። «እማዬ፣ ማንም አልወለደም» አልኳት። «ባሕር ልሄድ ነው።»

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። እጇን ጠረገች። ከዚያ ሄዳ ጫማዋን አደረገች።

አምስት ሰዓት አብራኝ ተጓዘች። እንቅልፋሙ ላይ ስንደርስ የሚታጠፍ ወንበሯን አሸዋው ላይ ዘረጋችና ጀርባዋን ለባሕሩ፣ ፊቷን ለመኪናው ሰጥታ ተቀመጠች። ረይ ባርኔጣውን አነሳላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። አራት ማዕበል ጋለብኩ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሆኜ ያች ጀርባ ትታየኛለች፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳትዞር።

ስወጣ ከኋላዋ ቆምኩ። ከፀጉሬ የሚንጠባጠበው ውሃ ወንበሯ ላይ ያርፋል።

«ተቆረጥሽ?» አለችኝ፣ አሁንም መኪናውን እያየች።

«አልተቆረጥኩም። እውነቴን ነው እማዬ፣ ሙ...»

«መሐላሽን ተዪው» አለች። ከቦርሳዋ አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ አወጣችና ክዳኑን ከፈተች። «እጅሽን አምጪ።»